«ማይነር ሊግ ቀሩ» ማለት ምን ማለት ነው?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሜክሲኮ ቤዝቦል ወርዋሪዎች፣ ኳሱን ለመቺው ስለሚወረውሩት ተጫዋቾች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። አሜሪካ ሄዶ ስሙ ስለገነነው ሜክሲኳዊ ወርዋሪ ስለ ፈርናንዶ ቫሌንዙዌላ ያላችሁት ጥሩ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ያናደደችኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋችኋት አረፍተ ነገር ናት። «ሌሎቹ ግን ማይነር ሊግ ቀሩ» ትላለች፤ ከአሜሪካው ከፍተኛ ሊግ፣ ከሜጀር ሊግ፣ በታች ባለው ደረጃ ማለታችሁ ነው። ቀሩ! መኪና ተበላሽቶባቸው መንገድ ላይ የቀሩ ይመስል።

እስቲ ስለ አንዱ «ቀሪ» ላጫውታችሁ። ራሞን አራኖ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1939 ቬራክሩዝ ውስጥ ነው የተወለደው። በሜክሲኮ ሊግ 334 ጨዋታ አሸንፎ 264 ተሸንፏል። በሊጉ ታሪክ በድል ብዛት የሚበልጠው ወርዋሪ የለም። ሜጀር ሊግ ላይ ግን አንዲት ኳስ እንኳ አልወረወረም።

264 ሽንፈት ስትሰሙ ደካማ ነበር ማለት ነው እንዳትሉኝ። ደካማ ወርዋሪን 264 ጊዜ እስኪሸነፍ ማን ይታገሰዋል? ገና በአስረኛው ሻንጣህን ያዝ ይባላል። በዚያ ላይ ድል በቀላሉ አይመዘገብም። ጨዋታውን የጀመረ ወርዋሪ ድሉ በስሙ እንዲጻፍለት ከዘጠኙ የጨዋታ ክፍሎች (ኢኒንግ) ቢያንስ አምስቱን መቆየት አለበት፣ ሲወጣም ቡድኑ እየመራ መሆን አለበት፣ ከእሱ በኋላ የሚገቡትም መሪነቱን ማስጠበቅ አለባቸው። ይህን 334 ጊዜ ያሳካ ሰው ነው እንግዲህ «የቀረው»።

ደግሞ «ማይነር» የሚለው ስም ራሱ ከውጭ የመጣ ነው። የሜክሲኮ ሊግ የተመሠረተው በ1925 ነው። በ1955 በአሜሪካኖቹ የማይነር ሊግ ደረጃ ውስጥ ገባ፣ በ1967 ደግሞ ከሜጀር ሊግ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ አገኘ። ክለቦቹ ግን የአሜሪካ ቡድኖች ማሠልጠኛ አልነበሩም፣ የራሳቸው ባለቤትና የራሳቸው ደጋፊ ያላቸው ናቸው። ለሜክሲኮ ሰው ዋናው ሊግ ይኼው ነው።

አንድ ወርዋሪ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ፣ መሄዱም በእጁ ጉልበት ብቻ የሚወሰን አልነበረም። የተጫዋቹ መብት የክለቡ ነበር፣ አሜሪካኖቹ ከፈለጉት ከክለቡ ላይ መግዛት ነበረባቸው። የሜጀር ሊጉ ቡድን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ1979 ለቫሌንዙዌላ 120,000 ዶላር ከፍሏል። ክለቡ አልሸጥም ካለ፣ ወይም ዋጋ ከሰቀለ፣ ልጁ እዚያው ነበር። ከሽያጩ ለተጫዋቹ የሚደርሰው ድርሻ እያጨቃጨቀ ቆይቶ በ2018 ሜጀር ሊግ ከሜክሲኮ ክለቦች ተጫዋች መግዛት አቁሞ እንደነበርም እናንተ የምታጡት አይመስለኝም።

የአየሩን ነገርስ? ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታ ኳስ ይበርራል። ለወርዋሪው ከዚህ የሚብሰው ግን የሚያሽከረክረው ኳስ በደንብ አለመታጠፉ ነው። ቬራክሩዝ ባሕሩ ዳር መቺውን የሚያንበረክከው ያው ኳስ ዋና ከተማው ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይመጣና ተመትቶ የሜዳውን ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ይሄ ወርዋሪ አይረባም» የሚል ሰው መጀመሪያ ጨዋታው የት ነበር ብሎ ይጠይቅ። የሜክሲኮ ሊግን የውድድር ወቅት በዚህ መልኩ ወርውሮ ሲጨርስ ደግሞ ብዙው አያርፍም። ከጥቅምት እስከ ጥር በፓሲፊክ ዳርቻው «የክረምት ሊግ» በሚባለው ሌላ ማሊያ ለብሶ ይቀጥላል። ክንድ እኮ ብረት አይደለም!

ባለፈው አንድ ጨዋታ በስልኬ ሳይ ጺሙን ሽበት የጀመረው ወርዋሪ ገባ። ኳሱ ፍጥነት የለውም፣ በጣም ዘገምተኛ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ፣ ኳሷን ጓንቱ ውስጥ ሁለት ሦስቴ አገላበጣት፣ ስፌቷን በጣቱ ፈልጎ አገኘ፣ ወረወረ። ጎረምሳው መቺ ኳሷ ሳትደርስ ዱላውን አወናጨፈና ሚዛኑን ስቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሽማግሌው ፊቱ ላይ ምንም የለም። እኔ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ረስታችኋል። በ1981 የመጀመሪያ ስምንት ጨዋታዎቹን በተከታታይ ያሸነፈውን ቫሌንዙዌላን ዶጀርስ በ1991 አሰናብቶታል። በ1992 የት ነበር? ያው «ቀሩበት» ባላችሁት የሜክሲኮ ሊግ፣ ለሃሊስኮ ቡድን እየወረወረ። በ1993 ከዚያ ተነሥቶ ሜጀር ሊግ ተመለሰ፣ ባልቲሞር ገባ።

ስለ አራኖ ግማሽ ገጽ ስጡት አልላችሁም፣ ማስታወቂያ እንደሚበዛባችሁ አያለሁ። «ቀሩ» የምትለዋን ቃል ግን በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ