ስለ ሲጋራው ትምህርት፦ ለሐዋሳ የእንግሊዝኛ መምህራን

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ፣

ባለፈው ሳምንት ለ9ኛ ክፍል ልጆቼ «ማጨስ ለጤና ጎጂ ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። በአንድ ድምፅ አነበቡት። ከኋላ አንዱ አዛጋ። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን አዛጋ ነበር።

ሰሌዳውን አጠፋሁና «ሲጋራ የት ታያላችሁ?» አልኳቸው። ያኔ ክፍሉ ነቃ። ሐይቁ ዳር፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ ከማስቲካው ጎን። አንድ አንድ ፍሬ እየተመዘዘ ይሸጣል አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1112 በፍሬ መሸጥን እንደሚከለክል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ጭምር፣ ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ እኛ ሰፈር አልደረሰም እንዴ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ሰዋስዉ ራሱ መጣ። «መስት ኖት» እና «ሹድ»ን ተጠቅመው ለባለሱቁ ደብዳቤ ጻፉ። አንዱ «ዲር ጋሼ» ብሎ ጀመረ። አላረምኩትም።

የተጨሰ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በእንግሊዝኛ አብረን ከአንድ እስከ አስር ቆጠርን። አስር ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጭጭ አለ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አባቱ የሚያጨስ ልጅ አይጠፋም። ልጆቹ ስለ ቤተሰባቸው የጻፉት ካለ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አታድርጉ። እኔ አንዱን አስነብቤ አንገቱን ሲደፋ አይቼ ተጸጽቻለሁ።

ቅዳሜ ስንገናኝ ደብዳቤዎቹን ይዤ እመጣለሁ። የሞከራችሁት ካለ እናንተም ይዛችሁ ኑ።