በዳሌ ወለል ጡንቻ ሕመሜ ጊዜ ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ያበቃኝ ፈጣሪ ይመስገን። ያሳለፍኩትን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለዓመታት "የሆድ ድርቀት" እየተባለ መድኃኒት ሲታዘዝለት የኖረው ችግሬ ምንጩ የዳሌ ወለል ጡንቻዬ ሆኖ ተገኘ። ታወቀልኝ፤ ታከምኩ፤ ዛሬ ደህና ነኝ። ስለ ሰገራ በአደባባይ መጻፍ ብዙዎቻችሁን እንደሚያሸማቅቅ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን ሸፋፍኜ ባመሰግን ሰዎቹ ምን እንዳደረጉልኝ ማንም አይረዳም፤ ውለታቸውም እንዲሁ ተድበስብሶ ይቀራል። ስለዚህ በግልጽ እጽፋለሁ።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ከአንቺ ነው፤ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ። ስምሽ እንዲጠራ እንደማትፈልጊ ስለነገርሽኝ አልጽፈውም። ይህን ስታነቢ ግን ራስሽን ታውቂያለሽ።

ገና በመጀመሪያው ቀን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቅሽኝ። ከመጸዳጃ ቤት ከወጡ በኋላ ገና ያልወጣ ነገር እንዳለ ይሰማዎታል? መውጫው ላይ ደርሶ ይዘጋል? በጣት ካልረዱት አልወጣ የሚልበት ጊዜ አለ? ከዚያም፣ "ሰገራው ለስላሳ ሆኖም እንኳን እንቢ ይላል?" አልሽኝ። እኔ እንባዬ ቀድሞኝ መልስ መስጠት አቃተኝ። አንቺም ሳትቸኩዪ ጠበቅሽኝ። ለስላሳው ሰገራም የማይወጣ ከሆነ ችግሩ ከድርቀቱ ይልቅ ከመውጫው ሊሆን እንደሚችል ያስረዳሽኝ እንባዬን ከጠረግኩ በኋላ ነው። ያ ጥያቄ ስንት ዓመት ቀደም ብሎ ቢጠየቅ ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ከዚያ ወረቀት አውጥተሽ ሣልሽልኝ። የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ከፊት ካለው የብልት አጥንት አንሥቶ ከኋላ እስካለው የጭራ አጥንት ድረስ ተዘርግተው የሽንት ፊኛን፣ ማሕፀንንና የትልቁን አንጀት መጨረሻ ከሥር ይሸከማሉ። ከእነርሱ አንዱ ጡንቻ በአንጀቱ መጨረሻ ኋላ ዞሮ ያቅፈዋል፤ ወደ ፊት እየሳበም ያጥፈዋል። ስንስል፣ ስንስቅ ወይም ከባድ ዕቃ ስናነሣ ሰገራ የማያመልጠን በዚህ መታጠፊያ ነው። መጸዳጃ ቤት ስንቀመጥ ደግሞ ያ ጡንቻ መላላት፣ መታጠፊያውም ቀና ማለት፣ ከታች ያለው የፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻም መከፈት አለበት። እኔንና መሰሎቼን የገጠመን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስናምጥ መላላት የሚገባው ጡንቻ ይጠብቃል። "በአንድ እጅዎ በሩን እየገፉ በሌላው መቀርቀሪያውን ይዘው ነው" አልሽኝ። በይበልጥ ባማጥኩ ቁጥር ለምን ይበልጥ እንደሚዘጋብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

"እህቴ፣ ጡንቻዎ አልሞተም፤ ደካማም አይደለም። የለመደው ቅንጅት ተሳስቷል፤ እናስተምረዋለን" ያልሽኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። እናስተምረዋለን! አስተምሪው አላልሽኝም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ የነገረችኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት።

ባዮፊድባክ የሚባለውን ሕክምና ሰምታችሁ የማታውቁ ትኖራላችሁ፤ እኔም አልሰማሁም ነበር። ግፊት የሚለካ ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ በኩል ይገባል፤ የሚለካው ደግሞ ስክሪን ላይ በመስመር ይታያል። በእኔ ስክሪን ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። አንደኛው ከላይ የምገፋበትን ኃይል፣ ሁለተኛው የመውጫውን ጡንቻ ጥብቀት ያሳያል። ሰው በትክክል ሲገፋ የላይኛው ከፍ ይላል፤ የታችኛው ይወርዳል። የእኔ ሁለቱም ተያይዘው ሽቅብ ይወጡ ነበር። ምን እያደረግኩ እንደሆነ በዓይኔ ሳየው ግን ሰውነቴን መምራት እንደምችል ማመን ጀመርኩ። የታችኛው መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ዕለት ወንበርሽን ገፍተሽ ተነሥተሽ አጨበጨብሽ። ከአንቺ ሌላ ለዚህ ነገር የሚያጨበጭብ ሰው በዓለም ላይ ይኖር ይሆን?

ከዚያ በኋላ ደግሞ መስመሩ አልወርድ ያለበት ቀን መጣ። ተስፋ ልቆርጥ ጫፍ ላይ መድረሴን ከፊቴ አነበብሽው መሰለኝ፣ ምንም ሳትናገሪ ስክሪኑን አጠፋሽው። "ዛሬ መለካት የለም፤ ዝም ብለን እንተነፍሳለን" አልሽኝ። አንድ እጄን ደረቴ ላይ፣ አንዱን እምብርቴ ሥር አስቀምጠሽ፣ አየር ስስብ የታችኛው እጄ ብቻ እንዲነሣ አስተማርሽኝ። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር እንኳን ያየሽው አንቺ ነሽ። መንጋጋዬን ሳላላ የታችኛው ሰውነቴም አብሮ ሲላላ ተሰማኝ። የዚያን ዕለት ብትቆጪኝ ወይም ብትሰለቺኝ ኖሮ አልመለስም ነበር።

የሰጠሽኝን መመሪያ ሁሉ እስከ ዛሬ አልተውኩም። እግሬን ዝቅተኛ መርገጫ ላይ አድርጌ ጉልበቶቼ ከዳሌዬ ከፍ እንዲሉ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ክርኖቼን ጭኖቼ ላይ እንዳሳርፍ፣ ትንፋሼን አፍኜ እንዳላምጥ፣ ስሜቱ ሲመጣ ለሌላ ጊዜ እንዳላስተላልፈው፣ ካልመጣ ደግሞ ቁጭ ብዬ እንዳልጠብቀው። ከምግብ በኋላ፣ ይልቁንም ጠዋት፣ አንጀት በራሱ ስለሚነቃቃ ያንን ጊዜ እንድጠቀምበትም ነግረሽኛል። ሁሉም ሰው "የዳሌ ጡንቻሽን አጠንክሪ" እያለ ሲመክረኝ፣ ለእኔ የሚያስፈልገኝ ማላላት መሆኑን የነገርሽኝም አንቺ ነሽ። ያ የማጥበቅ ልምምድ አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውና ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች የታሰበ እንደሆነ፣ ማላላት ለማይችል ጡንቻ ግን ነገሩን ሊያብስ እንደሚችል በእርጋታ አስረዳሽኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ብድርሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ እንጂ እኔ የምከፍልበት የለኝም።

ወደ እርሷ የላኩኝ የአንጀት ሐኪሜ፣ ዶክተር፣ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ በፊት የታዘዘልኝ ሁሉ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነበር። እርስዎ ግን ጓንት አጥልቀው በጣትዎ መረመሩኝ፤ መጸዳጃ ቤት እንዳለሁ አድርጌ እንድገፋም ጠየቁኝ። ጡንቻው ሲጠብቅ በጣትዎ አገኙት። ይህን የመሰለ ቀላል ምርመራ ከመሣሪያ ሁሉ ቀድሞ ብዙ ሊናገር እንደሚችል ያየሁት በራሴ ላይ ነው። ከዚያ የግፊት ልኬቱ፣ ማኖሜትሪ የሚሉት፣ ቀጥሎም የፊኛው ምርመራ መጣ። ትንሽ የላስቲክ ፊኛ በፊንጢጣ በኩል ገብቶ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይሞላና እንዲወጣ መግፋት ነው፤ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያስወጣዋል። እኔ አልቻልኩም። አፍሬ አንገቴን ስደፋ፣ "አይዞዎት፣ ስንፈልገው የነበረውን አገኘን" ብለው አጽናኑኝ። ደም የለም ወይ፣ ክብደት አልቀነሱም ወይ፣ የደም ማነስ የለም ወይ፣ ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው አለ ወይ ብለው አስቀድመው መጠየቅዎንና ሌላ ከባድ በሽታ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ወደ ጡንቻው አለመሄድዎንም አልረሳሁትም። ማለስለሻውንም ልምምዱ እስኪሠራ ድረስ በአንድ ጊዜ አላስጣሉኝም።

እኔን የማያውቁ፣ እኔም የማላውቃቸው ሁለት ሰዎችንም ማመስገን እወዳለሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. ፕሬስተንና ሌናርድ ጆንስ የተባሉ ለንደን ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች፣ በማማጥ ጊዜ የሚጠብቀው ይህ ጡንቻ ለረጅም ጊዜ በድርቀት የሚሠቃዩ ሰዎችን እንዴት እንደሚያስቸግር ጽፈው አሳተሙ። ሰው ሁሉ ሊያወራበት በሚያፍርበት ጉዳይ ላይ በክብር ተመራምረዋል። ዛሬ ባዮፊድባክ በደንብ ከተሰጣቸው የዚህ ችግር ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሻላቸዋል። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ።

ባለቤቴ፣ አንተን ምን ብዬ ላመስግንህ? መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስቆይ አንድም ቀን "አልጨረስሽም?" ብለህ በሩን አላንኳኳህም። ይህን የሚረዳው የደረሰበት ብቻ ነው። እናቴ ሆይ፣ ስለ ጸሎትሽ አመሰግንሻለሁ። ልጆቼ፣ ትዕግሥታችሁ ከዕድሜያችሁ በላይ ነበር።

በየክፍሉ ያስተናገዳችሁኝ ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የራጅ ባለሙያዎች፣ ሥራዬን የሸፈናችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ በስልክ የጠየቃችሁኝ ዘመዶቼና ወዳጆቼ ሁላችሁ፣ እጅግ አመሰግናለሁ።

ወሬዬን ሰምታችሁ "እኔም እንዲሁ ነኝ" ብላችሁ በምስጢር ያጫወታችሁኝም አላችሁ። በቁጥር ከጠበቅኩት በላይ ናችሁ፤ ወንዶችም አላችሁበት። ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ። ለረጅም ጊዜ በድርቀት ተሠቃይተው ወደ ስፔሻሊስት ከሚላኩ ሰዎች መካከል ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ችግራቸው ከዚህ ዓይነት የጡንቻ አለመቀናጀት ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። አንዳንዶቻችሁ "ምን በድዬ ነው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ምንም! በአንዳንዱ ሰው ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይመጣል፤ በአንዳንዱ መቀመጫው ቆስሎ ሕመሙን በመፍራት ጡንቻውን ማጥበቅ ይለምዳል፤ በሕፃንነቱ ሰገራ መያዝ የለመደም አለ፤ በብዙዎች ደግሞ ምክንያቱ ጭራሽ አይገኝም። እኔ ሐኪም አይደለሁምና የእናንተው የእኔው ነው ማለት አልችልም። የምላችሁ ቢኖር ሐኪም ፊት ስትቀመጡ "ድርቀት አለኝ" ብላችሁ አታቁሙ። መውጫው ላይ እንደሚዘጋባችሁ፣ ለስላሳው እንኳን እንደማይወጣ፣ በጣት የምትረዱ ከሆነ እርሱንም ሳታፍሩ ተናገሩ። ደም ካያችሁ፣ ክብደታችሁ ሳታስቡት ከቀነሰ ወይም የአንጀታችሁ ልማድ በቅርቡ በድንገት ከተለወጠ ግን ይህን መልእክት አንብባችሁ ሳትጨርሱ ቀጠሮ ያዙ።

ስማችሁን ሳልጠቅስ ያለፍኳችሁ ብዙ ናችሁና ይቅርታችሁን እለምናለሁ። በሕመሙ ወራት ስልክ ያላነሣሁላችሁ፣ ለመልእክታችሁ መልስ ያልሰጠሁ፣ ልትጠይቁኝ መጥታችሁ ያልወጣሁላችሁም ትኖራላችሁ። ለመውጣት አቅም አልነበረኝም እንጂ መምጣታችሁን አውቅ ነበር። የሚመጣው ጊዜ የመጠያየቂያ ይሁንልን።

ሳልረሳ አንድ ሰው ቀርተውብኛል። በፊዚዮቴራፒው ክፍል የሚያጸዱት እናት፣ እርስዎን ነው። ከሕክምናው በኋላ ለመልበስ ጊዜ ሲወስድብኝ፣ ሰው እንዳይገባብኝ ከበሩ ውጭ መወልወያዎን ይዘው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ማንም እንዲህ አድርጉ ያለዎት የለም። እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።