ስለ ግራ ዓይኔ

ልጄ፣

ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ «እማ፣ አንድ ዓይንሽን ብቻ ነው እንዴ የተኳልሽው?» ብለሽ ስትስቂ አብሬሽ ሳቅኩ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞርኩት። አስተውለሽ ይሆናል። የቀረውን ጨዋታ የጨረስነው በድምፅ ብቻ ነው።

አልተኳልኩም። ጠብታው ነው።

የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ እንዳለብኝ ታውቂያለሽ። ማታ ማታ ግራ ዓይኔ ላይ አንዲት ጠብታ አደርጋለሁ፤ ቀኙ ለጊዜው ደህና ነው። መድኃኒቱ ላታኖፕሮስት ይባላል። ዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ በደንብ እንዲወጣ ያደርግና ግፊቱን ይቀንሳል። ሥራውን በሚገባ ይሠራል፣ በዚህ አላማርርበትም። ግን ያልታዘዘውንም ይሠራል።

መጀመሪያ ሽፋሽፍቴ ረዘመ፣ ወፈረ፣ ጠቆረ። አሁን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የመነጽሬን መስታወት ይጠርገዋል። የሚያስቀው ደግሞ፣ የዚሁ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ቢማቶፕሮስት እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለሽፋሽፍት ማሳደጊያነት ተፈቅዷል። ሰው ለቁንጅና ብሎ የሚገዛው ነገር ለእኔ ሳልጠይቀው መጣ፤ ያውም በአንድ ወገን!

ሽፋሽፍቱስ ባልከፋ። ቀጥሎ የዓይኔ ዙሪያ ጠቆረ፣ እንቅልፍ ያጣሁ እስኪመስል። ከዚያ ደግሞ ዓይኔ ጎደጎደ። ለካ ጠብታው በዓይን ዙሪያ ያለውን ስብ ያሳሳዋል፤ የላይኛው ቆብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንድ ቀን የድሮ መታወቂያዬን አውጥቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። በቀኝ በኩል እኔው ነኝ። በግራ በኩል አያትሽ ቆማለች።

የዓይን ቀለምም ይቀይራል። በተለይ አረንጓዴና ቡናማ፣ ወይም ሰማያዊና ቡናማ የተቀላቀለበት ዓይን ላይ ቡናማው እየጎላ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም አይመለስም። የእኔ ዓይን ከድሮም ጠቆር ያለ ስለሆነ ከዚህኛው ተርፌያለሁ።

እስካሁን ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። እህትሽ ስትመረቅ ፎቶ እንደምንነሳ ሳስብ ጠብታውን ተውኩት። ሁለት ወር ሙሉ። ለማንም አልተናገርኩም። ምንም አልተሰማኝም፤ አላመመኝም፣ አልደበዘዘብኝም። የዚህ በሽታ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው፤ ነርቩን ሲጎዳ ድምፅ አያሰማም፣ የጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም። ሽፋሽፍቴ መሳሳት ሲጀምር ጭራሽ ደስ አለኝ።

ለክትትል ስሄድ 16 የነበረው የዓይኔ ግፊት 27 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ «ጠብታውን እየተጠቀሙ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ዝም ብላ አየችኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የቤት ሥራዋን እንዳልሠራች ተማሪ አቀረቀርኩ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ «ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?» ብቻ አለችኝ። ለካ ስለ መልክ ማንሳት ነውር አይደለም። የቆዳው ጥቁረትና ሽፋሽፍቱ መድኃኒቱ ሲቆም በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። ሌላ ዓይነት ጠብታም አለ። ቲሞሎል እንዲህ መልክ አይቀይርም፣ ግን አስም ላለበት ሰው አይሆንም፤ የእኔን ደረት ታውቂዋለሽ። ብሪሞኒዲን ደግሞ አንዳንዱን ሰው ዓይኑን ያቀላዋል፣ ያሳክከዋል። ሌላው ምርጫ ሌዘር ነው። ፈሳሹ የሚወጣበትን ቦታ ነካ ነካ ያደርጉታል፤ አልጋ ሳትይዢ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ውጤቱ ግን ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል። ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ወር ነው።

እስከዚያ ጠብታዬን ጀምሬያለሁ። አሁን የምጠቀመው እንደ ድሮው ፊቴን አጥቤ ለመተኛት ስል ሳይሆን ከመታጠቤ በፊት ነው። አንድ ጠብታ ብቻ። ዓይኔን ጨፍኜ በአፍንጫዬ በኩል ያለውን የዓይኔን ጥግ ሁለት ደቂቃ ያህል በጣቴ እጫናለሁ። የተረፈውን ወዲያው በሶፍት እጠርገዋለሁ፤ ቆዳውን የሚያጠቁረው ይኸው የሚፈሰው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በእጅጌዬ ወደ ጉንጬ ስለቀልቀው ኖሬያለሁ።

አንቺም ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ። ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል። ግፊቱን ብቻ ለክተው እንዳይሸኙሽ፣ ነርቩንም ይዩልሽ።

እሁድ በቪዲዮ ደውዪ። ስልኩን አላዞረውም። ቀኝ ጎኔን አዙሬ ብቀመጥ ግን እንዳትስቂ።

እናትሽ