ፀሐይዋን ሌባ ያደረገ ልጅ

እትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደኅና ነኝ። ሰላምታውን በዚሁ ልለፈው፤ አራት ወር ዝም ብዬ ከርሜ አሁን በሰላምታ ብዛት ላለባብሰው ብል አንቺ አትታለዪልኝም። ገንዘቡ ከደብዳቤው ቀድሞ ይደርስሻል። ለአባባ ዐይን ነው፤ ለሌላ ጉዳይ፣ ለሠርግሽም ቢሆን፣ እንዳይነካ። ሐኪሙ ሞራ ነው ካለ አትፍሩ። የደፈረሰውን የዐይን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ዐይኑን ብቻ አደንዝዘው ነው የሚሠሩት። አባባ ግን "ዐይኔ ምንም አልሆነም፤ የዛሬ አታሚ ቀለም ቆጥቦ ነው" ማለታቸውን እንደማይተዉ አውቃለሁ።

ይህን ጮክ ብለሽ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና፣ ይታለፍ ያልኩትን እለፊው። አደራ።

"ፀሐይቱን ሌባ አደረጋት፤ ይኸው ነው የተማረው?" ብለው ስልኩን መለሱልኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ የአባባን ግጥሞች ያወጣሁበትን ድረ ገጽ ከፍቼ አየሁት፤ ሳቄም ጠፋ። ዝምታዬ ከዚያ የመጣ ነው። ረሳን ብላችሁ ከሆነ አልረሳሁም፤ አፍሬ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። በድረ ገጽ ሶፍትዌር ትምህርት እያንዳንዳችን አንድ ነገር ሠርተን እንድናቀርብ ታዘዝን። ሌሎቹ መሸጫና ጨዋታ ሠሩ። እኔ አንቺ ፎቶ እያነሳሽ የላክሽልኝን የአባባን ደብተር አውጥቼ 63ቱንም ግጥሞች ጻፍኳቸው፤ ዐይናቸው ሳይደክም እንዲያነቧቸው በትልልቅ ፊደል። በመጀመሪያው ቀን ግጥሙ ሁሉ ስድ ንባብ ሆኖ ወጣ። ኤችቲኤምኤል የሚባለው፣ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ዐሥር ጊዜ መስመር ብትቀይሪ እንኳ እንደ አንድ ባዶ ቦታ ነው የሚቆጥረው። "እዚህ ጋ ስበር" ብለሽ በግልጽ ካላዘዝሽው ገጣሚው የት ላይ ትንፋሽ እንደወሰደ ደንታም የለው። እሱን በአንድ ሌሊት አስተካከልኩት።

ጥፋቱ የመጣው ገጹ ላይ ካበጀሁት የቃል መፈለጊያ ነው። አንዱ "ፀሐይ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ጸሀይ"። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አይደለም። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በቁጥር የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ነው የሰጠው፤ ደግም አደረገ። ስለዚህ አንዱን የጻፈ ሌላውን እንዲያገኝ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ይህ የሚደረገው ለፍለጋ በተዘጋጀ ቅጂ ላይ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ አይነካም። እኔ ሰነፉ በዋናው ላይ አስኬድኩት። መጠባበቂያ ቅጂም አልነበረኝም፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚነገረን ነገር ነበር።

የአባባ "ፀሐይ ሠረቀች" እንዲያ ነው "ጸሀይ ሰረቀች" የሆነው። በንጉሡ ሠ ወጣች፣ በራች ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ሲሆን ግን ያው ሌብነት ነው። ለዐይናቸው እለፋለሁ ያልኩት ልጅ ዐይኑ ዐን ከ63 ግጥም ውስጥ አንድ ሳላስቀር አጠፋሁባቸው።

በሌላ ፕሮግራም መልሰው ትይኝ ይሆናል። አይመለስም። ሁለት ወንዝ አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው ውኃ ከየት እንደመጣ ማን ይለያል? ፕሮግራሙ ሰን ብቻ ነው የሚያየው፤ ድሮ ሠ ትሁን ሰ አያውቅም። ስለዚህ ፎቶዎቹን እያሰፋሁ፣ ፊደል በፊደል፣ በእጄ እየመለስኩ ነው። 62ቱን ጨርሻለሁ።

ይህ ይታለፍ። የምሠራው ሌሊት ነው፤ ቢሮ አጸዳለሁ። ሥራው አይከብድም፤ የሚከብደው ከሥራ ስመለስ "መጣህ?" የሚል ድምፅ አለመኖሩ ነው። አንድ ትምህርትም ወድቄያለሁ። ድጋሚ ፈተናው የሠርግሽ ሳምንት ላይ ነው። ያለመምጣቴ ምክንያት ይኸው ነው፤ ለሌሎቹ "ፈተና አለበት" በያቸው፤ "ድጋሚ" የምትለዋን አንቺ ጋ አስቀሪያት።

ከዚህ አንብቢ። እማዬ "ኮምፒውተሩን ትቶ ግጥም ይዟል አሉ" ብላ መጨነቋን ሰምቻለሁ። ማን እንዳወራ አውቃለሁ፤ እሱን ተይው። አልተውኩም። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ተማሪዎች ግጥም በሚያነቡበት ክፍል እቀመጣለሁ፣ ይኼው ነው። ደግሞስ ሁለቱ መቼ ተጣሉ? የገጣሚው የባይረን ልጅ አዳ ሎቭሌስ በአባቷ እንዳትወጣ ብላ እናቷ ሒሳብ በሒሳብ አድርጋ አሳደገቻት። ልጅቱም እ.ኤ.አ. በ1843 ተሠርቶ ላላለቀ የስሌት መኪና የስሌት ቅደም ተከተል ጽፋ አሳተመች። ለእማዬ ይህን ንገሪያት። ባይረንና አባባ በግጥም እንጂ በጠባይ እንደማይገናኙም ጨምሪላት፤ አለበለዚያ አባባ ይቀየሙኛል።

እትዬ፣ አንቺ ልታገቢ! ከጀርባዬ ቆመሽ የቤት ሥራዬን እያረምሽ "ይህን ደግመህ ጻፈው" የምትይውን ሴት ሙሽራ አድርጌ ማሰብ አቃተኝ። ልብሱን ስትለኪ ማን ከኋላ ይዞ ያስተካክልልሻል? ሙሽራውን ሰላም በይልኝ፤ እርማት የሚወድ ሰው ከሆነ ይስማማችኋል። ግጥም ላክልኝ ብለሽኝ ነበር። ከሁለት መስመር አላለፈልኝም፦

መንገዱን ብጠይቅ ሁሉም አለ "ሩቅ ነው"፤
ልቤስ እዚያው አለ፣ የቀረው እግሬ ነው።

የመጀመሪያው "አለ" ይላላል፣ የሁለተኛው ይጠብቃል። ኮምፒውተር አይለያቸውም፤ አንቺ ስታነቢው ትለያቸዋለሽ። አባባ "ነው በነው ቤት ተመታ እንዴ?" እንደሚሉ ገና ስጽፈው ተሰምቶኛል። ትክክል ናቸው፤ ግን የተሻለ አልመጣልኝም።

ይህም ይታለፍ፣ የመጨረሻው ነው። ያልጨረስኩት አንድ ግጥም የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ነው፤ ከሄድኩ በኋላ የጻፉት ይመስለኛል። ፎቶውን ስታነሺ የአውራ ጣትሽ ጥላ አርፎበታል። መስመሩ "የልጄ መንገድ በልቤ ተ" ይልና አንድ ፊደል ጠፍቶ "ለ" ላይ ያልቃል። ሣ ከሆነ መንገዴ ልባቸው ላይ እንደ ሥዕል ተሥሏል። ሳ ከሆነ ግን እንደ ቢላዋ ተስሏል። ገጹን ስንት ጊዜ እንዳሰፋሁት አልነግርሽም።

ደብተሩን አውጥተሽ እይልኝ፤ እሳቸውን አትጠይቂ። ፊደሏን ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ