ከፊት የክርስትና አባቴ ይሁኑ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ከክርስትና አባቴ ጋር ከባሕር ዳር ዘጌ ድረስ በእግር ልትሄዱ ማሰባችሁን እማዬ ነገረችኝ። «ተው በላቸው» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ይቻላል ባይ ነኝ። በየብስ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ብዙ ዳገት የለበትም። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ የ7 ሰዓት ጉዞ ነው፤ ዕረፍቱ ሲጨመርበት ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። የሚያስቸግረው የሁለታችሁ እርምጃ አለመመጣጠኑ ነው።

እርስዎ ፈጣን ነዎት፣ እሳቸውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ፈጣን ሰው ከፊት ሲሆን የኋላው ልድረስ ብሎ ይቸኩላል። ፈጣኑ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ሲደርስለት ደግሞ «በል እንሂድ» ይላል። እንዲህ ሲሆን የሚያርፈው ያልደከመው ብቻ ነው፤ የደከመው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይውላል። ስለዚህ ከፊት እሳቸው ይሁኑ፣ እርስዎ ሁለት ሦስት እርምጃ ከኋላ ይከተሉ። የፍጥነቱ ልክ ወሬ ነው፦ እሳቸው እያወሩ ሳለ ትንፋሽ አጥሯቸው ነገራቸውን ከቆረጡ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ጭራሽ ዝም ካሉማ ያስቁሟቸው፤ ዝምታ የሳቸው ጠባይ አይደለም።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት። ረቡዕና ዓርብ ውሃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት ሊቆዩ ነው፤ በዚያ ላይ መንገድ መጨመር አይገባም። ኅዳር ከገባ ጥቁር አፈሩም ደርቋል፤ ሳይደርቅ የሄደ ሰው በየጫማው ሥር አንዳንድ ኪሎ ጭቃ ይጎትታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዴ ቁሙና ጫማና ልብስ አስተካክሉ፣ ከዚያ በኋላ በየ50 ደቂቃው 10 ደቂቃ እረፉ። ከ10 ደቂቃ በላይ ከተቀመጡ ጉልበት ይደርቃል፤ ለምሳ ብቻ 40 ደቂቃ ይበቃል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መንገዱን ካላጋመሳችሁ እዚያው አቁማችሁ መኪና ጥሩ። ይህን ከቤት ሳትወጡ ተስማሙበት፤ የደከመ መንገደኛ ሁልጊዜ «ትንሽ ነው የቀረን» ይላል።

በእግር መመለስ የለም። ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው፣ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል። ስለዚህ አፋፍ በምትባለው የዘጌ ከተማ ከ9 ሰዓት ጀምሮ የሚጠብቃችሁ መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዓርብ ማታም አፋፍ ወዳለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

አሁን ስለ ጫማ። ያንን ለክብር ቀን ብለው በካርቶን ያስቀመጡትን ጫማ ሊያደርጉ እንዳሰቡ እገምታለሁ። ከማድረግዎ በፊት በሶሉና በቆዳው መካከል ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጥፍርዎ ይጫኑት። ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ዱቄት ከረገፈ አይሆንም። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ስፖንጅ ሳይለበስም ቢቀመጥ ከዓመታት በኋላ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ይፈራርሳል፤ ጠዋት ደህና መስሎ ይወጣና እኩለ ቀን ላይ ሶሉ ተላቆ ይቀራል። ማስቲሽም አያድነውም፣ የሚይዝለት ጤነኛ ነገር የለውማ። በየቀኑ የሚያደርጉት አሮጌ ጫማ ከሱ ይሻላል።

ጥፍራችሁን ከሦስት ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ካልሲው የጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀመጣል፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ሌላው ቢቀር አንድ ትርፍ ካልሲ ይያዝና ምሳ ላይ ይቀየር። ተረከዝዎ ጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ክሩን እንዲህ ይሰሩት፦ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ አያሻግሩት፣ በዚያው ጎን አስገብተው ትንሽ ቀለበት ይተዉ፤ በሌላውም ጎን እንደዚያው። ከዚያ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈው ወደ ታች ሳብ ያድርጉና ይሰሩ። ተረከዝ አይንቀሳቀስም፣ ቁልቁለት ላይም ጣት ከፊት አይጋጭም።

ውሃ የሚቋጥር እግር አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ያቃጥላል። «ዕረፍት ላይ አየዋለሁ» አይበሉ፣ እዚያው ይቀመጡ። ጫማና ካልሲ አውልቀው ላቡ እስኪደርቅ ይጠብቁና ፕላስተር ይለጥፉ። የፕላስተሩን ማዕዘን በመቀስ ክብ ያድርጉት፣ አለዚያ ጫፉ ከካልሲው ጋር እየተያዘ ይላቀቃል። ሲለጥፉት መጨማደድ የለበትም፤ ጭምድዱ ራሱ ሌላ ቁስል ይሠራል። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ከሆነ ግን ፕላስተሩ ቁስሉን እንዳይነካ በመካከል ጎዝ ይግባ።

የክርስትና አባቴ ከዘራቸውን የሚይዙት በሚያማቸው ጉልበት በኩል ነው። በተቃራኒው ይሁን፤ ቀኝ ጉልበት ከሆነ በግራ እጅ፣ ከዘራውና የታመመው እግር አብረው ወደፊት ይሂዱ። ያን ጊዜ ሸክሙ ይጋራል። ቁልቁለት ላይ ከዘራው ይቅደም። አፋፍን አልፋችሁ ወደ ገዳማቱ በጫካው ስትሄዱ የቡናው ቅጠል ሥሩንና ድንጋዩን ይሸፍነዋል፤ በዚያ ሰዓት እግርም ስለሚዝል የሚደናቀፉት እዚያ ነው።

እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ውሃና መድኃኒት ራሳችሁ ያዙ። ሁሉም በአንድ ሰው ቦርሳ ከሆነ የተለያያችሁ ጊዜ አንዱ ባዶ እጁን ይቀራል። ከቤት ሳትወጡ ግማሽ ሊትር ጠጡ፣ 3 ሊትር ደግሞ ይዛችሁ ውጡ፤ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል፣ ትንሽ ትንሹን። እስከ ምሳ ሽንት ካልመጣ ወይም ከጠቆረ አንሷችኋል። ስንቁ ጭብጦ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ከበሶ የተሻለ የመንገድ ምግብ አላውቅም፣ በዚያ ላይ አይበላሽም። ቆሎም ያዙ። በየዕረፍቱ ትንሽ ቅመሱ፣ አንዴ ጠግቦ መሄድ ያንገዳግዳል። የግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ፤ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ ግን የዚያን ዕለት እንዴት እንደሚወሰድ አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ፀሐይዋ ብዙውን መንገድ ከኋላችሁ ናት፣ የምትመታው ማጅራት ነው። ባርኔጣ ብቻውን አይበቃም፣ ነጠላ ጣል ይደረግበት። ጋቢው ይቅር፣ ይከብዳል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እግር ሲግል ቄጠማው ዳር ወርዶ በሐይቁ ውሃ መዘፍዘፍ ያምራል። አታድርጉት። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃው ይንሳፈፍና በደቂቃዎች ውስጥ በጤነኛ ቆዳ ያልፋል። እግራችሁን ማቀዝቀዝ ያለባችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትደርሱ ነው፤ ለመግባት ጫማ መውለቁ አይቀርም። እግር ስላበጠ ጫማው ሲመለስ ይጠብባል፤ ክሩን ከታች ጀምራችሁ አላሉትና አስገቡ።

ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፣ ጀርባም አትስጡት። ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙውን ይመልሳል።

ወቅቱ የወባ ስለሆነ ሳይመሽ ግቡ። በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ብርድ ብርድ ካላችሁ ወይም ካተኮሳችሁ «የመንገዱ ድካም ነው» ሳትሉ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ። አንድ ነገር ደግሞ፦ የክርስትና አባቴ ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ እንደሚወስዱ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ይቅርባቸው፤ ከውሃ ማነስ ጋር ሲገናኝ፣ ይልቁንም የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ካመማቸው ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ይህን እርስዎ ይንገሯቸው፣ ከእኔ አይቀበሉም።

ልጅዎ