ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ነጋዴ ንጽሕናው የት ይመዝገብለት? ለጉምሩክ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኮሚሽነር፣

የነጋዴውን ዕቃ በጉምሩክ በኩል የማወጣ የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ፤ ሰው የሚያውቀን «ትራንዚተር» በሚለው ስም ነው። በነጋዴው ኪስና በመንግሥት ካዝና መሃል ቆሜ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የሁለቱንም ጭንቀት አውቀዋለሁ። ፍተሻ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም።

በአንድ ወቅት ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የደንበኛዬ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ላይ ጭነትን በስጋቱ መጠን በቀለም የሚለየው የጉምሩክ የስጋት ሥርዓት ቀይ አወጣበት። የጫነው የመኪና መለዋወጫ ነው። አረንጓዴ ቢሆን በቀጥታ ይለቀቅ ነበር፣ ቢጫ ቢሆን ሰነዱ ብቻ ይታይ ነበር፤ ቀይ ግን ተከፍቶ በአካል ይፈተሻል። ማሸጊያው ተቆረጠ። የጉልበት ሠራተኞች ፍሬን ሸራውን፣ ፊልትሮውን፣ ኩሽኔታውን ካርቶን በካርቶን ፀሐይ ላይ አወረዱት። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ ቆጠረ፣ አንዱን ኩሽኔታ ከላስቲኩ አውጥቶ የተሠራበትን አገር አነበበ። ሥራውን በደንብ ሠራ፤ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። ከዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ነጋዴው ስለ ዕቃው ለጉምሩክ ካስመዘገበው ሰነድ ጋር የሚጋጭ ምንም ነገር አልተገኘም።

መልሶ መጫኑ ከማውረዱ ባሰ። ፋብሪካ የደረደረው ዕቃ በሰው እጅ እንደነበረ አይመለስም፤ ሲመሽ አሥራ አንድ ካርቶን ውጭ ቀርቶ ሌላ መኪና ተፈለገለት። የጉልበት ሠራተኛ ሒሳብ አለ፣ የመጋዘን ኪራይ አለ፣ ኮንቴይነሩ በዘገየ ቁጥር የሚቆጥረው ክፍያም አለ። ደንበኛዬ በዚህ አላማረረም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ንጹሕ መሆኔን አዩ አይደል? ለሚቀጥለው ይቆጠርልኛል?» የምመልስለት አጣሁ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ከበሩ በኩል ብርድ ልብስ፣ ከኋላው ያልተመዘገበ መድኃኒት የተደረደረበት ጭነት ሲያዝ አይቻለሁ። ያን መድኃኒት ልጄ ልትውጠው ትችል ነበር። ያን ቀን ፈታሹን አቅፌ ባመሰግነው ደስ ባለኝ። እንዲህ ያለው ፈታሽ ጊዜውን ሁሉ የታወቀ ነጋዴ ኩሽኔታ ሲቆጥር ከዋለ፣ ያኛውን መድኃኒት ማን ይይዘዋል?

በየጊዜው የያዛችሁትን ኮንትሮባንድ ዓይነትና የብር ግምት ለሕዝብ ታሳውቃላችሁ፤ ጥሩ ነው። ከጎኑ አንድ ቁጥር ይጨመር፦ በወሩ ቀይ ወጥቶባቸው ከተከፈቱት ኮንቴይነሮች ስንቶቹ ላይ ጥፋት ተገኘ? ከመቶ አርባው ላይ ከሆነ ሥርዓቱ ዓይን አለው ማለት ነው። ሁለቱ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ዘጠና ስምንቱን በከንቱ አውርደናል። በምሥራቅ በኩል ሌሊት ድንበር ጥሶ የሚገባው ልባሽ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ ዲክላራሲዮን የለውም፤ ስለዚህ አረንጓዴም ቢጫም ቀይም አያውቀውም። የስጋት ሥርዓቱ የሚያየው ራሱን ያስመዘገበውን ብቻ ነው። ያስመዘገበ ሰው ዕቃው እስኪለቀቅለት በጠበቀ ቁጥር፣ ገበያው ላይ የሚቀድመው ያላስመዘገበው ነው።

ዋጋ ትመናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነጋዴው በጣም የሚጎዳው እዚያ ነው። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ በቅድሚያ ገዢው በእርግጥ የከፈለው ዋጋ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሌሎቹ ዘዴዎች የሚመጡት ያ ተቀባይነት ሲያጣ በቅደም ተከተል ነው። ደረሰኝ አሳንሶ የሚያመጣ መኖሩን አልክድም፤ እንዲህ ያለው ሰው ሐቀኛውን ደንበኛዬንም ይጎዳዋል። ነገር ግን ጉምሩክ ዋጋውን ከደረሰኙ በላይ ከፍ ሲያደርገው ምክንያቱ በቃል ብቻ ከተነገረ ነጋዴው በምን ላይ ይግባኝ ይበል? «ሲስተሙ ላይ ያለው ዋጋ ይህ ነው» የሚል መልስ ምክንያት አይሆንም።

ክብደቱን በቁጥር ላሳይ። ቀረጡ 20 በመቶ የሆነ፣ ኤክሳይስ የሌለበት ዕቃ ዋጋው 100 ብር ከፍ ተደረገ እንበል። ቀረጥ 20 ብር ይጨምራል። በ120ው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 18 ብር ነው። በ138ቱ ላይ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ የገቢ ዕቃ ታክስ በ10 በመቶ 13 ብር ከ80 ነው። ዊዝሆልዲንጉ፣ ማለትም በቅድሚያ የሚያዘው የገቢ ግብር፣ እና ሌሎች ክፍያዎች ሳይቆጠሩ 51 ብር ከ80 ሳንቲም ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሳይለወጥ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው። ያኔ አንድ ዶላር ከፍ ማድረግና ዛሬ አንድ ዶላር ከፍ ማድረግ አንድ ሸክም አይደለም። ደንበኞቼ ለባንክ መክፈያ ያዘጋጁት ብር ቀረጡ ላይ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ዋጋ ከፍ ሲደረግ ምክንያቱና የተነጻጸረበት ዕቃ በጽሑፍ፣ በፊርማ ይሰጠን። ክርክር ከተነሳ ነጋዴው ለልዩነቱ ዋስትና አስይዞ ዕቃው ይውጣ፤ ክርክሩ ዕቃው ከወጣ በኋላ ይቀጥል። ጥርጣሬ ካለም ዕቃ ከወጣ በኋላ የሚደረገው የድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ሱቁ ድረስ ሄዶ መዝገቡን ይመርምር፤ ነጋዴው አድራሻ አለው፣ አይጠፋም። ደጋግሞ ተፈትሾ ንጹሕ የወጣ አስመጪ ደግሞ ንጽሕናው በስሙ ይመዝገብለት፣ እሱም መዝገቡን ያይ ዘንድ ይፈቀድለት። አንዴ ሲያጭበረብር ከተያዘ መዝገቡ ወደ ዜሮ ይመለስ፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ አልሟገትለትም።

የደንበኛዬ ሌላ ኮንቴይነር አሁን ባሕር ላይ ነው። ጅቡቲ ወርዶ፣ ሞጆ ሲደርስ ዲክላራሲዮኑን የማስመዘግበው እኔ ነኝ። ጥያቄውን ደግሞ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ
አዲስ አበባ