ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት አይደለም፤ በባጃጅ ይደረሳል

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት በወሎ ስላለችው ሐይቅ ከተማና ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያወጣችሁትን የጉዞ ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ተናድጄ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። በተለይ ማለዳ ላይ ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቶ የተነሳው። እሱን ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው መቀስ ሁሉ አንስቼ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ መቀሱን አስቀመጥኩት።

«በጀልባ ተሳፍረን ገዳሙ ወዳለበት ደሴት ተሻገርን» ይላል።

ደሴት!

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በአንድ በኩል ከየብስ የተያያዘ ከሆነ ባሕረ ገብ መሬት ይባላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። ተማሪዬ ይህን ቢሳሳት አንድ ማርክ እቀንስበት ነበር። ጋዜጠኛ ሲሳሳት ስንት እንደሚቀነስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ዘጋቢያችሁ እንዴት እንደተሳሳተ ግን ይገባኛል። ጀልባ ላይ አወጡት፤ ሞተሩ ተንደቀደቀ፤ ነፋሱ ፊቱን መታው፤ ሲወርድ ገዳም አገኘ። ጀልባ ላይ ወጥቶ የወረደ ሰው ሁሉ ደሴት የደረሰ ይመስለዋል። አልፈርድበትም። ግን አንዴ እንኳ ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ መንገዱን ያይ ነበር። መንገዱ ላይ ደግሞ ባጃጅ አይጠፋም። ባጃጁ ዋኝቶ ነው የመጣው?

ፍርደ ገምድል እንዳልባል የሚከተለውን ልመን። ቦታው ድሮ እውነትም ደሴት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን በደሴትነቱ ነው የገለጸው። እሱ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሸሸ፣ መሬቱ ተያያዘ። የአምስት መቶ ዓመት ወሬ ማውጣት መብታችሁ ነው። ታዲያ «ከድሮው ማኅደር» የምትል መስመር ከላዩ ጣል ብታደርጉበት ምን ነበረበት?

ዘጋቢያችሁ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ የጻፈው ደህና ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ትምህርት ቤት እንዳደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ በትክክል አስቀምጧል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን እንደነበረውም ጠቅሷል። ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የገዳሙን የብራና ወንጌልም አልረሳውም። መጽሐፍ ያነበበ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። እንዲያውም የሚያናድደኝ እሱ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው መንገዱን ማየት እንዴት ያቅተዋል?

ልጄ «እማዬ፣ ተያቸው፤ ደሴት ቢሉት ምን ይጎድልብሻል?» አለችኝ። ብዙ ሰው እንደዚሁ ሊል ይችላል። የሚጎድልብኝን ልንገራችሁ። ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሰው ይኖራል። ይታረሳል፤ ከብት ይሰማራል፤ ልጆች ጥዋትና ማታ ይመላለሱበታል። የእኔም ቤት እዚያው መንገድ ላይ ነው። እናንተ ደሴት ስትሉ እኛ የቆምንበትን መሬት ውሃ አደረጋችሁት። ቀልድ አይደለም። ዘገባውን እንደገና አንብቡትና ሰው ፈልጉበት። አንድ መነኩሴ፣ አንድ ጀልባ ነጂ፣ አንድ አሳ ጠባሽ ታገኛላችሁ። በቃ። ሌላው ሕዝብ ሰጥሟል።

ስለ መስጠም ካነሳሁ አይቀር፣ አያቴ የምትነግረን ተረት ነበር። ድሮ ይህ ሐይቅ ሜዳ ነበር አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዜር ተቆጣ። ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነዘመድ ወዳጇ ቀረች። የተረፈው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ኋላ ገዳሙ የተተከለው እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ ለሴት ተብሎ የተረፈ መሬት ነው ማለት ነው። እና እኔ እስከ ዛሬ ውስጡን አላየሁትም። ሴት አይገባማ።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። በገዳሙ ሥርዓት ላይ ክርክር የለኝም። እኛ ስንወለድም እንደዚያው ነበር። ወንድሜ ጧፍ ይዞ ይገባል፤ እኔና እናቴ ደጅ ላይ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። ሲወጣ «ምን አየህ?» ብለን እናዋክበዋለን። እሱም ትንሽ ይጨምርበታል። የእኔ ክርክር ከዘጋቢያችሁ ጋር ነው። «ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው የሚገባ» ብሎ ጽፏል። «ማንም» ውስጥ እኔ የለሁም፤ እናቴ የለችም፤ የአንባቢዎቻችሁ ግማሽ የሉም። ሴት አንባቢ ያቺን ጋዜጣ ይዛ ከአዲስ አበባ ድረስ ብትመጣ በር ላይ ትቆማለች። አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጽፍላት ምን ነበረበት? ከገዳሙ ውጭ ምን እንደምታይ ቢነግራትስ? ግን ከገዳሙ ውጭ ያለው ለእሱ ውሃ ነዋ!

ከውጭ ያለውን እኔ ልንገራችሁ። ያለነው ተሁለደሬ ወረዳ ነው። የወረዳው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ስለ «ቅርስና ባህል» ተብሎ በተጻፈ ሙሉ ገጽ ላይ ግን አንድ መስጊድ የለም፤ አንድ መንዙማ የለም። ያን የማለዳ ፎቶ ያነሳው ልጅ የፈጅር አዛን ሳይሰማ አይቀርም። ካሜራው ድምፅ አይቀዳ ይሆናል።

አባቴ ሙስሊም ነበር፤ እናቴ ክርስቲያን። ወሎ ውስጥ ይህ ዜና አይደለም፤ እናንተ ግን ዜና ስለምትወዱ ነው የምነግራችሁ። እናቴ ለገና በግ ስታሳርድ ለአባቴ ዘመዶች ሌላ በሙስሊም እጅ ይታረዳል። ሁለት ድስት ይጣዳል። እኛ ልጆቹ ከሁለቱም እየቀመስን ነው ያደግነው። አባቴ ቡናው ሲፈላ ዱዓ ያደርጋል፤ እናቴ አሜን ትላለች። ባህል ካላችሁ ይኸው ባህል። ለማየት ጀልባ አይከፈልበትም።

የአሳውንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ከጥንት ጀምሮ የአካባቢው መለያ የሆነው ቆሮሶ» ይላል ዘገባው። ቆሮሶ ሐይቃችን ውስጥ የተጨመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ እኔ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት እመላለስ ነበር። በዕድሜ አሳውን እበልጠዋለሁ። ጥንታዊ ነገር ካማረው እኔን ይጥበሰኝ።

ይሄ የመጀመሪያው ቢሆን ዝም እል ነበር። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት፣ እናቴ በሕይወት እያለች፣ ከሌላ ጋዜጣ አንድ ልጅ መጥቶ ነበር። የናንተ አይደለም፤ ስሙን አልጠራም። እናቴ ፍራሽ አነጠፈችለት። ቄጤማ ጎዘጎዘች። ሲጠይቃት ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራችው፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ድርቁ ዘመን፣ ስለ ሠርጓ። አቦሉን ጠጣ፤ ቶናውን ጠጣ፤ «መኪና እየጠበቀኝ ነው» ብሎ በረካው ሳይደርስ ተነሳ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «በጋዜጣ ልወጣ ነው» ብላ ተናገረች። ጋዜጣው ከደሴ መጣልን። ስለ ገዳሙ ነው። ካወራችው አንዲት ቃል የለችበትም። ፎቶዋ ግን አለ። ከስሩ «የአካባቢው ነዋሪ» ይላል። ስሟን እንኳ አልጻፈውም። እሷ ደግሞ ማንበብ ስለማትችል «ምን ይላል?» አለችኝ። ስሟንና የሠርጓን ወሬ ጨማምሬ አነበብኩላት። እንደ ወንድሜ መሆኔ ነው።

የእናንተን ልጅ ዘገባ ሳነብ እሱ ሁሉ መጣብኝ። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል የበዛብኝ።

ግን ደግሞ እዩት። ልጁ አንድ ሙሉ ቀን ነበረው። እዚሁ አጠገባችን ሐርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ውሃው ወደ እኛው ሐይቅ ነው የሚወርደው። ስሙ አልተነሳም። ወደ ሰሜን ቀና ቢል አምባሰል አለ፤ ያቺ በስሙ የተጠራችው ቅኝት ሲሰማት አገሩ ሁሉ ይተክዛል። በዚያው በወልዲያው መንገድ ትንሽ ሄድ ቢል ውጫሌ አለ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ አድዋን ያመጣው ውል የተፈረመበት። አንዱም የለም። የሎጁ ቁርስ ግን ሁለት አንቀጽ ተሰጥቶታል። እንቁላሉ ጥሩ ነበር አሉ። ሐይቅ ለእናንተ ሁልጊዜም ወደ ላሊበላ ሲኬድ አሳ የሚበላባት ቦታ ናት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰው ሲርበው ልክ እኛ ጋ ይደርሳል።

የምጠይቀው እርማት ነው። «ደሴት» የሚለው «ባሕረ ገብ መሬት» ተብሎ ይስተካከልልኝ። እርማት ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ከማስታወቂያ ስር፣ በትንንሽ ፊደል እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይሁን። መነጽር አለኝ።

ዘጋቢያችሁ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ በጀልባው አይምጣ። ከከተማው ባጃጅ ይያዝ፤ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። «የአስተማሪዋ ቤት» ካለ ያወርዱታል። ቡናው ይፈላል። መኪና ይጠብቀኛል ቢል አልሰማም፤ በረካው ሳይጠጣ ከቤቴ አይወጣም።

ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት
ከሐይቅ፣ ወሎ